«አሠራሩን አሳይ» ለተማሪ ብቻ ነው እንዴ?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ሰሞኑን አንድ ያስተማርኩት ልጅ የውሳኔ ግልባጭ ይዞ ቤቴ መጣ። የተከሰሰው ታላቅ ወንድሙ ነው። ነገሩ የእርሻ ድንበር ጠብ ነው፤ ጎረቤቱ «በዱላ መታኝ» ብሎ አቤት አለ፣ ክስ ተመሠረተ። ሁለት የመከላከያ ምስክሮች ቀርበው «በዚያ ሰዓት ወፍጮ ቤት አብረን ነበርን» አሉ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም። የፍርዱ ሐተታ ግን ይቺው ናት፦ «ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ ያስረዳ ሲሆን ተከሳሽ አላስተባበለም፤ ጥፋተኛ ነው።» አለቀ! ምስክሮቹ ምን እንዳሉ የለም። ለምን እንዳልታመኑም የለም።

ይግባኝ ጠየቁ። የዚያኛው መልስ ደግሞ ባሰ፦ «በሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ጉድለት አልተገኘም።» ቆይ፣ ምክንያቱ ያልተጻፈ ፍርድ ጉድለቱ በምን ይታወቃል?

ልጁ «ቲቸር፣ ወንድሜ ይምታው አይምታው እኔ አላየሁም። ግን ምስክሮቹ ለምን እንዳልታመኑ ማን ይንገረን?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እኔ ፈተና አርሜ 42 ብሰጥ ተማሪው «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ይለኛል። ወረቀቱን አሳየዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ አቤት ቢል፣ እሱም ወረቀቱን ሳያይ «መምህሩ ልክ ነው» ቢል ሁላችሁም ትስቁብን ነበር። ለአንድ ሴሚስተር ማርክ የምንጠይቀውን ለሰው ነፃነት ሲሆን ለምን እንተወዋለን?

ይህ የእኔ ፍልስፍና አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 149(1) ፍርድ የማስረጃውን ፍሬ ነገር፣ ማስረጃው ተቀባይነት ያገኘበትን ወይም ያጣበትን ምክንያት፣ የተመሠረተበትንም ሕግ መያዝ አለበት ይላል። «ቢይዝ ጥሩ ነው» አይልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20(6) ይግባኝን መብት አድርጎታል። ታዲያ ሰውየው የማያውቀውን ምክንያት እንዴት ብሎ ነው የሚሞግተው?

«ምስክሩን በዓይኑ ያየው የሥር ዳኛው ነው፤ የበላዩ ጣልቃ አይግባ» የሚሉ አሉ። ልክ፣ የበላዩ ምስክሩን አላየም። ለዚህ እኮ ነው የሥር ዳኛው ያየውን መጻፍ ያለበት! የተጻፈ ምክንያት ይከበር፤ ያልተጻፈ ምክንያት ምኑ ይከበራል?

«መዝገብ በዝቶባቸው ነው» የሚልም ወዳጅ አለኝ። እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ፤ ማንንም በጉቦ አልከስም። ግን «እገሌ ይህን አለ፤ በዚህ ምክንያት አላመንኩትም» ለማለት አራት መስመር ይበቃል። የፌዴራል ሰበር ችሎትን ውሳኔዎች አንብቡ፤ በሐሳብ የተለየ ዳኛ እንኳ የተለየበትን ምክንያት ጽፎ ነው የሚፈርመው።

ስለዚህ የእኔ ክርክር ከሥር ዳኛው ይልቅ ከይግባኝ ሰሚው ጋር ነው። ባዶ ፍርድ ሲደርሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ወይ የምስክሮቹን ቃል ከመዝገቡ አንብቦ ራሱ ይመዝን፣ ምክንያቱንም ይጻፍ፤ ወይ «ምክንያትህን ጻፍ» ብሎ ይመልስ። ዝም ብሎ ካጸናው ግን ጥፋቱ የሁለት ፍርድ ቤት ሆነ።

ጉዳዩ ላለባችሁ ደግሞ፦ የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ ማመልከቻው ግልባጩ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ግልባጩን ሙሉውን ጠይቁ። «ምስክሬ እንዲህ ብሎ ነበር፣ ፍርዱ ግን ስሙንም አላነሳም፣ 149(1) ተጥሷል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር። የኛ ሰው መረታት ይችልበታል። ለምን እንደተረታ ግን ይነገረው።

ሕግ ያጠናችሁ ተማሪዎቼ፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ምክንያታችሁን እየጻፋችሁ ግን!