ቡታጋዙ እንቢ ሲል

ከቢሮ ወይም ከትምህርት ቤት ተርበው ገብተው የቡታጋዙን ቁልፍ ሲያዞሩት ጠቅ ጠቅ ብሎ እሳቱን ቢነፍግዎ፣ «አዲስ ልግዛ» ለማለት አይቸኩሉ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ ካልተጠረገ አዲሱም ያው ይሆናል።

በመጀመሪያ ጋዙን ይዝጉ፤ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ምድጃውም ይቀዝቅዝ። ብልጭታውን የምትሰጠው ከእሳቱ ራስ አጠገብ ያለችው፣ እንደ ሲኒ ነጭ በሆነ ሸክላ የተከበበችው ትንሽ ዘንግ ናት። ወጥ ገንፍሎ ካረጠባት ወይም ቅባት ከሸፈናት ብልጭታዋ መንገዱን ይስታል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቀስታ ጠርገው ያድርቋት። የተደፈኑትን የእሳት ቀዳዳዎች በመርፌ ይክፈቱ። ክዳኑንም በልኩ ይመልሱት፤ ከተጣመመ ጋዙና ብልጭታው አይገናኙም።

ድምፁ ጭራሽ ከሌለ ግን ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ሶኬቱን፣ በባትሪ የሚሠራ ከሆነም ባለ 1.5 ቮልት ባትሪውን ይመልከቱ። መብራት ሲጠፋ በክብሪት መለኮስ ይቻላል፤ ሆኖም ክብሪቱ ይቅደም፣ ጋዙ ይከተል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ጋዙን ከፍቶ ደጋግሞ መሞከር ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ወለሉ ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። በጥቂት ሰኮንድ ካልተቀጣጠለ ዘግተው አየሩ እስኪጠራ ይታገሡ። ሽታው ከበረታ ክብሪት አይጫሩ፤ የመብራት ማብሪያም አይንኩ፤ ሲሊንደሩን ዘግተው በርና መስኮት ይክፈቱ። እራት ቢዘገይ ያበሳጫል እንጂ አይገድልም።