ተለማማጅ ተማሪም ይርበዋል



ከይጁቤ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ግቢ ውስጥ እስካለ ድረስ ማደሪያና ምግብ አለው። ጭንቁ የሚጀምረው ኢንተርንሺፕ ለምንለው የተግባር ልምምድ ከግቢ ሲወጣ ነው። የምህንድስና ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ሴሚስተር ያህል ድርጅት ውስጥ መለማመድ አለባቸው። ሌሎችም ማስታወቂያው ሁሉ ልምድ ስለሚጠይቅ፣ “በ0 ዓመት” የሚል ቅጥር እስኪወጣ ያለ ደመወዝ ይሠራሉ።

አዲስ አበባ አጎት ወይም አክስት ያለው ልጅ ሦስት ወር በነጻ ቢሠራ አይጎዳም። ቤተሰቡ በሶ ሊበን ጤፍና ስንዴ የሚያርስ ልጅ ግን ለኪራይና ለታክሲ አባቱ በግ ይሸጥለታል። እንግዲህ የድርጅቱን ወጪ የሚከፍለው ይጁቤ ያለው ገበሬ ነው ማለት ነው። በግ ከሌለውም ልጁ ዕድሉን ይተወዋል። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የገሠጸው ለባለጠጋ ወንበር የመስጠትና ድሃን የማቆም አድልዎ ከዚህ ሩቅ አይደለም።

በአማኞች ዘንድ ነገሩን የሚያወሳስበው “አገልግሎት” የሚለው ቃል ነው። ያለ ክፍያ መሥራትን እናከብራለን፤ ተገቢም ነው። ኤልሳዕ የተማረው የኤልያስን እጅ እያስታጠበ ነው (2ኛ ነገሥት 3፥11)። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ነው የሰበከው። ነገር ግን 1ኛ ቆሮንቶስ 9ን እናስተውል። ጳውሎስ አስቀድሞ መብቱን በብዙ ማስረጃ ያስረዳል፤ እህል ስለሚያበራይ በሬ የተጻፈውን ሕግ ሳይቀር ይጠቅሳል (ይህን የይጁቤ ገበሬ ያለ ሰባኪ ይረዳዋል)። ከዚያ በኋላ ነው በመብቱ እንዳልተጠቀመ የሚናገረው። የተወው የራሱን ነው። አሠሪ “ለጌታ ብለህ ሥራ” ሲል ግን የሚተወው የልጁን ነው። በኤርምያስ 22 ወዮታ የወረደበት ንጉሥ ኢዮአቄም ሰውን ያለ ዋጋ አሠርቶ ቤተ መንግሥት የገነባ ነበር።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ልጁ ሲቀር ሥራው የሚቆም ከሆነ ሠራተኛ ነውና ይከፈለው። እርሱን ለማስተማር ሌላ ሰው ጊዜውን የሚሠዋ ከሆነ ትምህርት ነው፤ ምሳና ትራንስፖርት ቢችሉለት ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ግን ከሁለቱም የለበትም። ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ ውጭ አይደለችም። በሳምንት አምስት ቀን ቢሮ ተቀምጦ ሒሳብ የሚይዝ ወጣት እሑድ ከሚዘምር ዘማሪ ጋር በአንድ ዓይን አይታይም።

አገራችን የተሻለ አይታለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሩ። ግዴታ ስለነበረ ሁሉም አልወደደውም፤ ሆኖም የመኖሪያ አበል ነበራቸው፣ ክፍል ውስጥም የሚጠብቃቸው ተማሪ ነበር።

ልምድ ደግሞ ከተማ ብቻ አይገኝም። የግብርና ተማሪ ክረምቱን ከቀበሌው ባለሙያ ጋር ማሳ ለማሳ ቢዞር፣ የአካውንቲንግ ተማሪ የእድሩን ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩን መዝገብ ቢያስተካክል፣ የኮምፒውተር ተማሪ ለባለሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ በትንሽ ክፍያ ቢሠራ፣ እናቱ ቤት እየበላ እውነተኛ ሥራ ይሠራል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ማኅተም አድርጎ የሠራውን ይጻፍለት። ቀጣሪ የሆናችሁ ወገኖችም ያንን ደብዳቤ እንደ ልምድ ቁጠሩት።

ከተማ መምጣት ግድ የሚሆንበትም አለ። አዲስ አበባና ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ቅዱሳን፣ ባዶ የሚያድር ክፍል ካላችሁ ለሽማግሌዎች ንገሩ። ከገጠር የሚመጣ አንድ ተማሪ ለሦስት ወር ማደሪያና እንጀራ ካገኘ የአባቱ በግ አይሸጥም።