«ጋዝ ጨርሷል» ከማለታችን በፊት

ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ፣ ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ያለው ሰው ፍሪጅ ሠሪ ሲጠራ በመጀመሪያ የሚሰማው መልስ «ጋዝ ጨርሷል» የሚል ነው። ጋዝ ይሞላል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ፍሪጁ ለተወሰነ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ያው በሽታ ይመለሳል። ባለቤቱም «የዛሬ ዕቃ እኮ ጥራት የለውም» ብሎ ዕቃውን ይረግማል እንጂ ሥራውን አይጠይቅም። እኛ የዲፓርትመንቱ ተማሪዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይህንኑ ሙያ ይዘን ወደ ገበያ እንወጣለን። ታዲያ ይዘነው የምንወጣው መልስ ይኸው ነው ወይስ ሌላ?

በእኔ አስተያየት የሙያችን ትልቁ ችግር የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም። መሣሪያ እያለም ቢሆን ከምርመራ በፊት ወደ ጥገና እንሮጣለን። ይህን ለማስረዳት በየቤቱ ከምናየው ፍሪጅ ሳይሆን ብዙዎቻችን በሃንድአውት ብቻ ከምናውቀው፣ በዳክት ከሚሠራው የቤት ኤሲ እጀምራለሁ። ምክንያቱም የምርመራ ቅደም ተከተል እሱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ደግሞ ዳክት! ፍኖተ ሰላም ላይ ዳክት የተዘረጋለት ቤት የት አለና ነው?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ከተማችን ከባህር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። በጭቃ በደንብ የተመረገ ሣር ክዳን ቤት በራሱ ቀን ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ሞቅ ይላል። በቆርቆሮ ቤትም ቢሆን መስኮት መክፈትና ኮርኒስ መሥራት ይበቃል። ነገር ግን የምንማረው ለሰፈራችን ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች ውስጥ አየሩ የሚዘዋወረው በዳክት ነው። ከእኛ መካከል ወደ ባህረ ሰላጤው አገሮች የሚሄድ ቢኖር እዚያ የሚጠብቀው ይኸው ሥራ ነው። እዚሁ ቅርባችን ቡሬ ላይ እንኳ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል፤ ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም ተመርቋል። ፋብሪካ ባለበት ፋን፣ ማቀዝቀዣና የአየር መስመር የሚያይ ሰው መፈለጉ አይቀርም።

በዳክት የሚሠራ ኤሲ ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ፋን የቤቱን አየር በመመለሻው ዳክት ይስባል፤ አየሩ በፊልተር ያልፋል፣ ቀዝቃዛውን ኢቫፖሬተር ነክቶ ይበርዳል፣ ከዚያም ኮርኒስ ውስጥ በተዘረጉ ዳክቶች ወደየክፍሉ ይሄዳል። የተወሰደውን ሙቀት ደግሞ ጋዙ ተሸክሞ ውጭ ባለው ኮንደንሰር በኩል ይጥለዋል። እንግዲህ ሁለት ጉዞ አለ፤ የአየር ጉዞና የጋዝ ጉዞ። የአየሩ ጉዞ በዓይን፣ በእጅና በአንድ ቴርሞሜትር ይመረመራል። የጋዙ ጉዞ ግን ጌጅ ማሰር ይጠይቃል፤ ጌጅ በታሰረ ቁጥር ደግሞ ጥቂት ጋዝ ይወጣል። ታዲያ ከየትኛው መጀመር ይሻላል? መልሱ ግልጽ ነው፤ ሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተቃራኒው ነው።

ደንበኛው «ቤቱ አይቀዘቅዝም» ብሎ ጠራን እንበል። ከፍተን ስናይ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቷል። ችኩሉ ሠራተኛ «በረዶ ከሠራ ጋዝ አንሶታል» ይላል። ጋዝ ሲያንስ በረዶ መሥራቱ ልክ ነው። ነገር ግን ፊልተሩ በአቧራ ሲደፈን፣ የመመለሻው መስኮት ፊት ቁምሳጥን ሲቆም ወይም ፋኑ ሲደክም ያው በረዶ ይመጣል። በቂ አየር ካላለፈ ኢቫፖሬተሩ የሚያቀዘቅዘው ነገር ያጣና የራሱን እርጥበት ያቀዘቅዛል። በረዶው ደግሞ የቀረችውን ቀዳዳ ይዘጋታል። እዚህ ላይ ጋዝ መጨመር ኮምፕሬሰሩን መጉዳት እንጂ ማዳን አይደለም። ትክክለኛው መንገድ ኮምፕሬሰሩን አጥፍቶ በፋን ብቻ በረዶውን ማቅለጥ፣ ፊልተሩን ማጠብ፣ ከዚያ እንደገና አስነስቶ ማየት ነው። በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ይጠበቃል። ልዩነቱ ከዚህ በልጦ የሚወጣው አየር ደካማ ከሆነ ችግሩ ያለው አየሩ ላይ ነው። አየሩ በደንብ እየወጣ ልዩነቱ ካነሰ ያን ጊዜ ወደ ጋዙ መሄድ ይቻላል።

«ሳሎኑ ይቀዘቅዛል፣ መኝታ ቤቱ ግን አይቀዘቅዝም» የሚል ደንበኛ ደግሞ ገና ሳንነካው ግማሹን ምርመራ ሠርቶልናል። ጋዙ ለሁሉም ክፍል አንድ ነው፤ አንሶ ቢሆን ሁሉም ክፍል በሞቀ ነበር። አንዱ ክፍል ብቻ ከታመመ ወደዚያ የሚሄደው ዳክት ተነቅሏል፣ ተጨፍልቋል ወይም ዳምፐሩ ተዘግቷል ማለት ነው። ኮርኒስ ላይ መውጣት አቧራ ያስበላል፤ መልሱ ያለው ግን እዚያ ነው። በአሜሪካ ኢነርጂ ስታር የተባለው ፕሮግራም እንደሚለው በተለመደ ቤት ውስጥ በዳክት ከሚሄደው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በቀዳዳና በልል መገጣጠሚያ ይባክናል። ይህን የሚያድነው የማሸጊያ ቴፕና ማስቲክ ነው እንጂ ሲሊንደር ሙሉ ጋዝ አይደለም። ከኮርኒስ ውኃ ሲንጠባጠብም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያ የፍሳሽ ቱቦው ተደፍኖ ወይም ተዳፋቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ይታያል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ፍሪጅ እንመለስ። ዳክት የለውም፣ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ከኋላው ያለው ኮንደንሰር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል ወይስ መተንፈሻ አለው? በአቧራ ተሸፍኗል? የበሩ ጎማ ይይዛል? ወረቀት አስገብቶ በሩን ዘግቶ መሳብ ነው፤ ወረቀቷ ያለ ትግል ከወጣች ቅዝቃዜውም በዚያው ይወጣል። ይህን ሁሉ ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው መብራት ነው። ምሽት ላይ በየቤቱ ምጣድ ሲጣድ፣ በተለይ ከትራንስፎርመር ርቆ መስመር ጫፍ ላይ ያለ ቤት፣ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ሊወርድ ይችላል። የሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር በቀጥታ አይቀንስም፤ በስኩዌር ነው የሚቀንሰው። ቮልቴጁ 180 ሲደርስ የኮምፕሬሰሩ የማስነሻ ጉልበት ወደ 67 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩ ይንጫጫል፣ አይነሳም፣ ኦቨርሎዱ ይቆርጠዋል። ፍሪጅ ሠሪው በማግሥቱ ጠዋት ሲመጣ ግን መብራቱ ደህና ሆኖ ያገኘዋል። «መቼ መቼ ነው የሚያስቸግርሽ?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ይህን በምንም መሣሪያ አያገኘውም። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመጣም ግፊቱ ሳይስተካከል ኮምፕሬሰሩ ሊነሳ ይታገላል። ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ ስታቢላይዘር እዚህ ላይ ከጋዝ ይልቅ ያድናል።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ታይቶ ጋዙ በእርግጥ አንሷል እንበል። ያን ጊዜም ቢሆን «ጨርሷል» የሚለው ቃል ስህተት ነው። ጋዝ እንደ ናፍጣ ነዶ አያልቅም። በታሸገ መስመር ውስጥ ይዞራል እንጂ። ካነሰ የፈሰሰበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ጋዝ መሙላት በተቀደደ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። መጀመሪያ በሳሙና አረፋ መገጣጠሚያውን ማየት፣ ካልተገኘ በናይትሮጅን መፈተሽ፣ በይዶ አየሩን በቫኪዩም አውጥቶ ከዚያ መሙላት ነው ወጉ።

እዚህ ላይ በመጻሕፍቱ ውስጥ ብዙም የማይነገረን ነገር አለ። የሠንጠረዦቹ የጌጅ ቁጥር የተሠራው ለባህር ወለል ነው። እኛ ግን የምንኖረው ደጋ ላይ ነው። 2,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት 80 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን ባህር ወለል ላይ 101 ነው። ውኃ እኛ ዘንድ በ93 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ባቄላም ቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ጌጁም ያው ነው። ዜሮ ሲያሳይ አር 134ኤ ጋዝ በመጽሐፉ መሠረት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ከዜሮ በታች 31 ላይ ነው። በፒኤስአይ ሲቆጠር ልዩነቱ ወደ 3 ይሆናል። ለኤሲ ትንሽ ነው። የመምጠጫው ግፊት ዜሮ አካባቢ ለሆነ ፍሪጅ ግን ትንሽ አይደለም፤ መጽሐፉን አምኖ ዜሮ ላይ ያቆመ ሰው ጋዙን አሳንሶታል። ስለዚህ ከጌጁ ይልቅ የፍሪጁ ጀርባ ላይ በግራም የተጻፈውን አንብቦ በሚዛን መሙላት ይሻላል።

ጽሑፉን ማንበብ ለሕይወትም ነው። ብዙ አዳዲስ ፍሪጆች የሚሠሩት በአር 600ኤ ነው፤ ይህ ጋዝ ደግሞ ይነዳል። ሳያነብ፣ መስኮት ሳይከፍት ችቦ የሚለኩስ ሰው ራሱንም የሰው ቤትንም ለአደጋ ይዳርጋል። የቆየው አር 22 ደግሞ የኦዞን ንጣፍን ይጎዳል። አገራችን በ1987 ዓ.ም የተቀበለችው የሞንትሪያል ፕሮቶኮልም ይህን ጋዝ ከአገልግሎት እያስወጣው ነው። «ፍስስ አድርገህ ልቀቀው» የሚባለው ልማድ ከዚህ በኋላ መቆም አለበት።

አንዳንዱ «ለአንድ የለስላሳ ፍሪጅ ይህ ሁሉ ለምን?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን ለስላሳ ላይ አይቆምም። በወምበርማ፣ በሰከላ ወይም በደጋ ዳሞት ገጠር ጤና ጣቢያ ያለውን የክትባት ፍሪጅ እናስብ። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ሲሞቅ እንደሚበላሸው ሁሉ የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ዓይነቱ ክትባት በረዶ ሲነካውም ይበላሻል። «ደህና አድርጌ አቀዘቀዝኩት» ብሎ ተርሞስታቱን አጥብቆ የሄደ ሠራተኛ ማንም ሳያውቅበት መድኃኒቱን ገድሎት ሊሄድ ይችላል። ልጇን አዝላ በእግሯ ሰዓታት ተጉዛ የመጣች እናት ደግሞ ልጇ የተከተበ መስሏት ትመለሳለች። በግምት የሚሠራ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ሁልጊዜ በዓይን አይታይም።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የሙያው ሰዎች የሚሉት እንዲህ ነው፤ «አቧራ ጠርጌ ብሄድ ማን ይከፍለኛል? ባለሱቋ እትዬ 'ልጄ፣ ለመጥረግማ እኔስ መች አጣሁ' ትለኛለች። ጋዝ ስሞላ ግን ሲሊንደሩን ታያለች፣ ትከፍላለች።» ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሰው ከሥራው መብላት አለበት። ሕዝባችን ለዕቃ መክፈል ለምዷል፣ ለዕውቀት መክፈል ግን ገና ነው። ሆኖም ሆስፒታል ስንሄድ ገና መድኃኒት ሳይታዘዝልን ካርድ እናወጣለን፤ ማንም «ለምን?» አይልም። እኛም ገና ስንጠራ «የምርመራ ይህን ያህል ነው፤ ዕቃ ካስፈለገ ለብቻው ነው» ብንልና ያገኘነውን በወረቀት ጽፈን ብንሰጥ፣ ደንበኛው ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ሦስት ጊዜ ጋዝ ከሚያስሞላ ሰው አንድ ጊዜ ምርመራ የሚከፍል ሰው ያተርፋል። እኛም ስም እናተርፋለን።

ከዲፓርትመንቱ የምጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። አንደኛ፣ በተግባር ፈተና ላይ ጋዝ ያላነሰው የታመመ ማሽን ይሰጠን፤ መፍቻ ከመያዛችን በፊት የጻፍነው የምርመራ ወረቀት ነጥብ ይኑረው። ዛሬ ነጥቡ ያለው ብየዳው ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከብረታ ብረት ክፍል ጋር ሆነን በላሜራና በአንድ ፋን ትንሽ የዳክት ሞዴል እንሥራ፤ ሆን ብለን ቀዳዳ፣ የተዘጋ ዳምፐርና የተደፈነ ፊልተር እናድርግበት። ሦስተኛ፣ ወርክሾፑ ውስጥ ከጌጆቹ አጠገብ ለእኛ ከፍታ የተስተካከለ ሠንጠረዥ ይለጠፍ። ስሌቱን እኛው ተማሪዎቹ በአንድ ከሰዓት እንጨርሰዋለን።

መምህሮቻችንና የላይኛው ዓመት ተማሪዎች በዚህ ላይ ምን ትላላችሁ? «ሥራ ላይ ስትወጣ ታየዋለህ» የሚል መልስ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን ሥራ ላይ ስንወጣ የምናየው ዛሬ እዚህ የለመድነውን ነው ባይ ነኝ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በሚቀጥለው ዕትም ብትጽፉ ሁላችንም እንማርበታለን።