ያገለገለ የቤተ ሰብ አውቶሞቢል ስለ መግዛት፤ ቤንዚን ነው ወይስ ናፍጣ

አንድ የቤተ ሰብ አባት ብዙ ዓመት ያጠራቀመውን ጥሪት ይዞ ያገለገለ አውቶሞቢል ለመግዛት በተነሣ ጊዜ፣ ከደላላውም ከወዳጁም ከጎረቤቱም አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ቤንዚን ነው ወይስ ናፍጣ?» የሚል ነው። ጥያቄው የቆየ ነው፤ መልሱ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲሰጥ የነበረው ሊሆን አይችልም። ይኸውም በዚህ መካከል የነዳጁ ዋጋ ተለውጧል፤ አውቶሞቢል ወደ አገር የሚገባበትም ሥርዓት ተለውጧል። ስለዚህ በተለይ በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን የሚኖሩትን አንባቢዎቻችንን በማሰብ ጉዳዩን ጥቂት ልንመለከተው ወደድን።

የምንናገርለት አውቶሞቢል ስቴሽን ዋገን የሚባለው፣ ኋላው ረዘም ብሎ ሰውንና ዕቃን አንድነት የሚይዘው ነው። ለጋሞ ሰው እንዲህ ያለው መኪና የጌጥ ነገር አይደለም። በሴቻ ወይም በሲቀላ የሚኖር ሰው በሥራ ቀን ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ያደርስበታል፤ አረጋውያን ወላጆቹን ወደ ሐኪም ይወስድበታል፤ መስቀል በደረሰ ጊዜ ቤተ ሰቡን ሁሉ አሳፍሮ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ይወጣበታል፤ ሲመለስም ፖሙንና ድንቹን ከኋላ ጭኖ ይወርድበታል። ጥቂቱ ደግሞ ከላንቴና ከሸሌ የእርሻ ቦታው ሙዝ ያመላልስበታል። አንድ መኪና ይህን ሁሉ እንዲችል የሚጠበቅበት በመሆኑ፣ ምርጫው የተሳሳተ እንደ ሆነ የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይሆንም።

በመጀመሪያ የገበያውን ሁኔታ መረዳት ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ስለ ጣለ፣ ከውጭ ሲገባ የነበረው ያገለገለ መኪና በብዙ ቀነሰ። ቀጥሎም በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ለዚህም የተሰጠው ምክንያት ግልጽ ነው፤ አገራችን የምታቃጥለውን ነዳጅ ሁሉ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የምትገዛ ስለ ሆነች፣ ጭነቱን ማቅለል አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል። የውሳኔው ነገር በዚሁ ይቆየን። ለገዢው ግን የሚያስከትለው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ዛሬ በአገር ውስጥ የሚሸጥ የቤንዚንም ሆነ የናፍጣ አውቶሞቢል፣ ቀድሞ ከገባው መካከል የሚዘዋወር ነው። አሮጌው ሄዶ የሚተካው አዲስ የለም። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው ቀለሙንና ወንበሩን ሳይሆን ሞተሩ ከዚህ በኋላ የሚሠራበትን የቀረ ዘመን ነው። ይህን ያላሰበ ሰው በቤንዚንና በናፍጣ ክርክር ጊዜውን ቢያጠፋ ምንም አይጠቀምም።

አሁን ወደ ነዳጁ ዋጋ እንመለስ። ብዙ ሰው «ናፍጣ ርካሽ ነው» የሚለውን ቃል ከአባቱ እንደ ወረሰው ይዞታል። ነገር ግን መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሣት በጀመረ ጊዜ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲወጣ፣ ናፍጣው ከ35 ብር ከ43 ሳንቲም ወደ 49 ብር ከ2 ሳንቲም ወጣ፤ ማለት ናፍጣው ቤንዚኑን በለጠው። ከዚያም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሁለቱም እየጨመሩ ሄደው፣ በታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚኑ 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣው 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆኑ። ከዚያም ወዲህ ጨምረዋል። እንግዲህ በዚያን ጊዜ በሊትር መካከል የነበረው ልዩነት ሁለት ብር ከምናምን ብቻ ነበር፤ ለዚህን ያህል ልዩነት ሲባል አንድ መኪና ከሌላው የሚመረጥበት ምክንያት የለም።

የናፍጣ ትርፉ በሊትሩ ዋጋ ሳይሆን በሚያስኬደው ርቀት ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አጥብቆ ጨምቆ በሙቀቱ ብቻ ነዳጁን ስለሚያቀጣጥል፣ ከአንዱ ሊትር የሚያወጣው ሥራ ከቤንዚኑ ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ የቤንዚን መኪና በሊትር 10 ኪሎ ሜትር፣ አምሳያው የናፍጣ መኪና 13 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ባለቤቱ በዓመት 10 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ከሆነ፣ በ2017ቱ ዋጋ የቤንዚኑ ወጪ ከ101 ሺህ ብር ሲያልፍ የናፍጣው 76 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ በዓመት ከ25 ሺህ ብር በላይ ይተርፋል። ድጎማው ሳይነሣ በፊት ይኸው ልዩነት ከ10 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ነገር ግን መኪናው ከሴቻ ሲቀላ እየወረደና እየወጣ በዓመት 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ እንደ ሆነ ትርፉ ወደ 7 ሺህ 600 ብር ይወርዳል፤ ያም የናፍጣው ፖምፓ አንድ ጊዜ የተበላሸ እንደ ሆነ ከነመኖሩም አይታወቅም። ስለዚህ ሰው «የቱ ይሻላል» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «እኔ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ደላላ እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመንገዱ ጠባይ ነው፤ በጋሞም ምድር ከሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለናል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ በሞቃት ቆላ ተቀምጣለች። ቀድሞ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረችው ጨንቻ ደግሞ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ከ2,700 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ አጭር መንገድ ላይ መኪናው ከአንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። አየሩ ከፍ ባለ መጠን እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። በባሕር ጠረፍ መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ጨንቻ ሲደርስ የሚቀረው ከ75 አይበልጥም። ይህም ቤንዚንንም ናፍጣንም የሚነካ ነው፤ ሆኖም የናፍጣ ሞተር ዝግ ብሎ ሲዞርም ኃይሉን ስለሚሰጥ፣ ሰባት ሰውና ሁለት ኩንታል ድንች ጭኖ ዳገት ለመውጣት ይመቻል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ተርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ፣ ፖምፓው ለቆላ አየር እንደ ተስተካከለ ወደ ደጋ የወጣ እንደ ሆነ፣ አየሩ ሲያንስ የሚረጨው ናፍጣ ስለማይቀንስ ያልነደደውን በጥቁር ጢስ ያወጣዋል። ጢሱ መንገደኛውን ከማስቸገሩም በላይ፣ የተከፈለበት ነዳጅ በአየር ላይ ሲበተን ማየት ነው። ካርቡራተር ያለው የቤንዚን መኪናም እንደዚሁ ቤንዚን ያበዛል፤ በኤሌክትሮኒክ የሚረጨው ግን አየሩን ለክቶ ስለሚያስተካክል በዚህ ይሻላል። ተርቦ ያለው ናፍጣ ከሁሉ ይበልጥ ዳገቱን የሚችል ነው፤ ነገር ግን ተርቦው ያረጀ እንደ ሆነ ዘይት ይጠጣል፤ መለወጫውም ውድ ነው። ሙቀትም ሌላ ፈተና ነው። ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ በዝቅተኛ ማርሽ ረጅም ዳገት የሚወጣ ሞተር፣ ራዲያተሩ የደፈነ እንደ ሆነ ፈልቶ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

በአርባ ምንጭ የሚያስተምሩ አንድ ወዳጃችን ይህን በራሳቸው ገንዘብ ተምረውታል። አዲስ አበባ ሄደው «ናፍጣ ነው፣ አያረጅም» ተብለው አንድ አሮጌ ስቴሽን ዋገን ገዙ። በሜዳው መንገድ እስከ ቤታቸው በደኅና ገባ። በመጀመሪያው የመስቀል ሰሞን ግን እናታቸውንና ልጆቻቸውን አሳፍረው ወደ ጨንቻ ሲወጡ፣ ከዶርዜ በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ ፈልቶ ቆመ። ቴስታታው ቀድሞም ተሰንጥቆ የተበየደ ኖሯል። እናትየው ቀሪውን መንገድ የሄዱት በጭነት አይሱዙ ጋቢና ተቀምጠው ነው። እኒህ መምህር «የበደለኝ ናፍጣው አይደለም፤ ሳልመረምር መግዛቴ ነው» ብለው ነግረውናል፤ እውነትም ነው።

ነዳጅ የመገኘቱም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ባለፉት ዓመታት በደቡቡ ከተሞች ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ፣ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ከተተመነው ዋጋ እጅግ በላቀ ሲሸጥ የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ ሁሉ የሚጠጡት ቤንዚን ስለ ሆነ፣ ሰልፉም የሚበዛው በቤንዚኑ በኩል ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ከሕግ ውጭ የሚሸጡትንና የሚያከማቹትን በብርቱ እንደሚቀጣ ደንግጓል፤ ፍሬው የሚታየው ግን ገዢው በማደያው በትክክለኛው ዋጋ ሊቀዳ ሲችል ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ የቤንዚን መኪና የሚገዛ ሰው፣ ወጪውን ሲያሰላ በማደያው ዋጋ ብቻ ባያሰላ ይሻለዋል። በጠርሙስ የሚሸጠው ውሃ ወይም ኬሮሲን የተቀላቀለበት እንደ ሆነም የሞተሩን ዕድሜ ይቀንሳል። ናፍጣ ለጭነት መኪናዎቹ ስለሚቀርብ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ግን እርሱም አልፎ አልፎ ይቸግራል።

ጠጋኙስ ማን ነው? ቀለል ያለውን የቶዮታ ቤንዚን ሞተር የማያውቅ መካኒክ በአርባ ምንጭ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዕቃውም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ በማግሥቱ ይደርሳል። የቀድሞዎቹ የናፍጣ ሞተሮችም እንዲሁ የታወቁ ናቸው፤ ፖምፓና ኖዝል ለማስተካከል ግን ልዩ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ ብዙ ጊዜ ወደ ትልቅ ከተማ መላክ ግድ ይሆናል። ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው ግን አዲሱ የአውሮፓ ናፍጣ ነው። እነዚህ መኪናዎች ጢሱን የሚያጣራ ወንፊት በማርሚታው መንገድ ላይ አላቸው። ወንፊቱ የሚጸዳው መኪናው ረጅም መንገድ ፈጥኖ ሲሄድ ነው፤ በከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድና ንጹሕ ያልሆነ ናፍጣ የሚቀዳ እንደ ሆነ ይደፈናል። በ2008 ዓ.ም. መባቻ የጀርመኑ ፎልክስዋገን ኩባንያ የናፍጣ መኪናዎቹን ጢስ በሚለካበት ጊዜ ሲያታልል መቆየቱን ካመነ በኋላ፣ በአውሮፓም የናፍጣ አውቶሞቢል ፈላጊው እየቀነሰ መሄዱ ይታወቃል።

በእኛ አስተያየት፣ ኑሮው በአርባ ምንጭ ከተማ የሆነና በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ወደ ወላይታ ሶዶ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተ ሰብ፣ አነስተኛ ሞተር ያለው በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ ቤንዚን ቢይዝ ይሻለዋል። ወደ ጨንቻ፣ ወደ ዲታ፣ ወደ ቦንኬና ወደ ካምባ ደጋና ኮረኮንች ዘወትር የሚመላለስ፣ ዕቃም የሚጭን ሰው ግን ናፍጣውን ይግዛ፤ ወንፊትና ብዙ ኤሌክትሮኒክ የሌለበትን፣ ዋጋውም ቢበዛ ሞተሩ ደኅና የሆነውን ይምረጥ። «የኤሌክትሪኩስ?» የሚል ይኖራል። ለከተማ መንገድ ወጪው ከሁለቱም ያነሰ ነው፤ ቤቱ የሚሞላበት መብራት ያለው ሰውም ቢያስብበት አይጠላም። ወደ አዲስ አበባ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ቤተ ሰብ ግን በመንገዱ ላይ የሚሞላበት ቦታ ሊታሰብበት ይገባል።

የትኛውም ይመረጥ፣ መኪናው ሌሊት አድሮ ገና ሳይሞቅ ጠዋት ይነሣ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ይጠርጠር። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ ዕዳና ዕገዳ አለመኖሩም ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማመን አይገባም፤ የመሪው ጨርቅና የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ከቆጣሪው የተሻለ ምስክሮች ናቸው።

ይህ ሁሉ በገዢው ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቁ ግን ተገቢ አይመስለንም። መኪና በየዓመቱ ለቦሎ ይመረመራል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን የሚታየው ወረቀቱ ነው። ስም በሚዛወርበት ጊዜ የሞተሩ ጭመቃ፣ ጢሱና ፍሬኑ ተለክቶ ውጤቱ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ ቢደረግ፣ አሮጌው መኪና ገና ብዙ ዓመት በመንገዳችን ላይ የሚቆይ ስለ ሆነ ጥቅሙ ለሁሉ ይሆናል። በአርባ ምንጭም ምሕንድስና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ስላለ፣ መለኪያውን ለማቋቋም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ወዳጃችን መምህሩ ያንን ስቴሽን ዋገን የተሰነጠቀውን ቴስታታ ሳይደብቁ በኪሣራ ሸጡት። አሁን በትንሽ ደብተር ላይ፣ ቤተ ሰባቸው በባጃጅና በአውቶቡስ በየሳምንቱ የሚሄደውን ኪሎ ሜትር እየጻፉ ነው። እስከሚቀጥለው መስቀል ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ እንደሚወስኑ ነግረውናል።