ዊንዶውስ 10 አለቀለት ማለት ኮምፒውተሩ አለቀለት ማለት አይደለም

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ያሉት ኮምፒውተሮች በሙሉ ጊዜ አልፎባቸዋል፣ በጀት ይያዝና ይቀየሩ» ይላል። ሁለተኛው «ተዉት ባካችሁ፣ ኤክስፒም እስከ ዛሬ እየሠራ ነው» ይላል። የመጀመሪያው ገንዘብ ያስጨርሳል፣ ሁለተኛው ፋይል ያስበላል። ሁለቱም ደግሞ ዋናውን ጥያቄ አያነሱትም፤ በአሮጌው ማሽን ውስጥ ያለው ሥራችን ምን ይሁን?

ድጋፍ ቆመ ሲባል ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን ጠፋ ማለት አይደለም። ወርድም ኤክሴልም እንደ ወትሮው ይከፈታል። የቆመው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደህንነት ማስተካከያ ነው፤ ከእንግዲህ በዊንዶውስ 10 ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ እንደ ድሮው በነጻና ሳትጠይቁ የሚደፍንላችሁ የለም። ወደ ዊንዶውስ 11 ልሻገር ያለ ሰው ደግሞ በር ላይ ይፈተሻል። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠየቃል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ2017 እ.ኤ.አ ወዲህ የመጣው 8ኛው ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። «ትንሽ ያገለገለ» ተብለው ከዱባይና ከሌላም አገር ገብተው በየቢሮው የተቀመጡት የ4ኛና የ6ኛ ትውልድ ላፕቶፖች ይህን ፈተና አያልፉም።

ማሽኖቹ ግን ደብዳቤ ለመጻፍና ሒሳብ ለመሥራት ምን ጎደላቸው? ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ ኤስኤስዲ ብታስገቡ፣ ራሙን 8 ጊጋ ብታደርሱት፣ አቧራውን ብታራግፉ፣ ብዙ ሰው አዲስ ገዛችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው። የሚሠራ ማሽን አስወግዶ በዚህ ዋጋ አዲስ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

«ምንም አይሆንም» ለሚሉት ደግሞ ዋናክራይን ላስታውሳቸው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም የተነሣው ይህ ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ፋይል እየቆለፈ ቤዛ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አሰረዘ። ብዙ ሰው «ኤክስፒ ስለነበራቸው ነው» ብሎ ያስታውሰዋል። በቫይረሱ ከተያዙት ማሽኖች አብዛኞቹ ግን ዊንዶውስ 7 ነበሩ፤ ያኔ ገና ድጋፍ የሚያገኝ ስሪት። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያም ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ያልጫኑት ተጠቁ። ጥፋቱ የማሽኑ ዕድሜ ሳይሆን ማስተካከያውን ያልጫነ ማሽን ከኔትወርክ ጋር ተያይዞ መቀመጡ ነው።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ አንናገረውም እንጂ። አገር ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ምን ያህሉ በክራክ እንደሚሠራ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ክራክ የጫነልን ልጅ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አፕዴቱን መዝጋት ነው፤ አለዚያ ዊንዶውሱ «አክቲቬት አድርገኝ» ይላላ። ስለዚህ ለብዙው ቢሮ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ሳይሆን ክራኩ የተጫነ ዕለት ነው። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ፍላሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት ይዞ እየመጣ የሚሰካ ሠራተኛ ባለበት ቢሮ፣ ዊንዶውስ 11 ገዝቶ ክራክ መጫን ምንም አይለውጥም።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት ልግባ። አሮጌ ዊንዶውስ ከቢሮ የማይወጣው ሰው አዲስ ነገር ጠልቶ አይደለም። በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ሌላ ቦታ ስለማይሄድለት ነው። ፒችትሪን ውሰዱ። ፕሮግራሙ በ2012 እ.ኤ.አ አካባቢ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ተብሏል፤ በእኛ አገር የሥራ ማስታወቂያ ላይ ግን ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ነው የሚባለው። የብዙ ዓመት ሒሳብ በአንድ አሮጌ ስሪት ውስጥ የያዘ ድርጅት፣ ግብር ኦዲተር የዛሬ አምስት ዓመቱን መዝገብ ሲጠይቀው የሚከፍትበት ማሽን ያስፈልገዋል። የሒሳብ ሠራተኛዋ «ይቺን ኮምፒውተር ማንም እንዳይነካብኝ» ብትል አልፈርድባትም። ከላቦራቶሪ መሣሪያ ወይም ከፋብሪካ ማሽን ጋር የተገጠሙትም እንዲሁ ናቸው። በዶስ ዘመን የተሠሩ የ16 ቢት ፕሮግራሞች በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይነሡም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ64 ቢት ሌላ ስሪት የለውም። ለእነዚህ ፕሮግራሞች በሩ ተዘግቷል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የአማርኛው ጽሑፍ ነው።

ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ ነው። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ ቪስታ ላይ ኒያላን ሲጨምር ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የጻፍነው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ነው። ባለሙያዎቹ ባይደርሱልን ኖሮ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ባልነበረን፤ ምስጋና ይገባቸዋል። የሠሩበት መንገድ ግን ዛሬ ዋጋ እያስከፈለን ነው። የያኔው ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፣ ከዚያም ላይ የተያዘ አለ። የእኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7 ብቻ 231 ነው፤ እነ ኳ እና ሏ፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመር አይበቃም። ስለዚህ ፊደሉን በተለያዩ የፎንት ፋይሎች ከፋፈሉት፣ እያንዳንዱን ፊደል በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ አስቀመጡት። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው።

ውጤቱን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። የ1995 ዓ.ም ቃለ ጉባኤ በአዲስ ላፕቶፕ ሲከፈት የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደልና የቅንፍ ክምር ይሆናል። «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይባልና ይደመሰሳል። ፋይሉ አልተበላሸም! ፎንቱ የለም እንጂ። አሮጌው ኤክስፒ ላይ ብትከፍቱት አንድ ነጥብ ሳይጎድል ይነበባል። የአደረጃጀቱ አሠራር ደግሞ ከሶፍትዌር ሶፍትዌር ይለያያል፤ በአንዱ «መ» የሆነው ኮድ በሌላው ሌላ ፊደል ነው። በምን እንደተጻፈ የሚያውቀው ጸሐፊ ጡረታ ከወጣ እንቆቅልሹ ይከብዳል። ማተሚያ ቤቶች ጋ ሲደርስ ነገሩ ድርብ ነው፦ ፎንቱ አሮጌ፣ የገጽ ቅንብሩ ደግሞ በፔጅሜከር። ፔጅሜከር ከ2001 እ.ኤ.አው 7.0 ወዲህ አዲስ ትውልድ አልወጣለትም፤ ፋይሉን መክፈት የሚችለው የመጨረሻው ኢንዲዛይን ሲኤስ6 ነው። ስንት መጽሐፍ፣ ስንት የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ባለ ማሽን ውስጥ ተቀምጦ ይሆን?

በነገራችን ላይ በኒያላ የጻፋችሁት ሰነድ ዊንዶውስ 10 ላይ መልኩ ከተለወጠባችሁ ምክንያቱ ቀላል ነው። ኒያላ አማራጭ ሆኗል፤ ከሴቲንግ ውስጥ በአማራጭ ፊቸሮች ዝርዝር የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንቶችን መርጣችሁ ብትጭኑ ይመለሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አሮጌው ማሽን ይኑር፣ ኢንተርኔት ግን አይይ። ገመዱ ይነቀል፣ ዋይፋዩ ይዘጋ፣ አንድ ለሱ ብቻ የተመደበ ፍላሽ ይኑረው፣ ፍላሹም በሌላ ማሽን ሳይፈተሽ አይሰካ። ኢሜይልና ባንክ በሌላ ኮምፒውተር ይሠራ። ክሮም እንደሆነ ከ109ኛው ስሪት በኋላ ዊንዶውስ 7ን ትቶታል፤ በዚያ ማሽን ድረ ገጽ ላይ መንከራተት ትርፉ አደጋ ብቻ ነው።

ቀጥሎ፣ ዲስኩ ሳይሞት ሙሉ ቅጂው ይወሰድ። መብራት በሄደ ቁጥር ድንገት ሲጠፋ የኖረ የ15 ዓመት ሃርድ ዲስክ ነው እኮ፤ ነገ ላይነሣ ይችላል። ዲስክቱቪኤችዲ የሚባል የማይክሮሶፍት ነጻ መሣሪያ አለ፤ የሚሠራውን ኮምፒውተር እንዳለ ወደ አንድ ፋይል ይገለብጠዋል። ያ ፋይል በአዲስ ማሽን ላይ በቨርችዋልቦክስ ውስጥ እንደ አንድ መስኮት ይከፈታል፤ ኤክስፒው ከነፒችትሪው፣ ከነፎንቱ። ሁልጊዜ ያለ ችግር ይነሣል አልልም፦ ኤክስፒ ዕቃው ተለወጠ ብሎ እንደገና አክቲቬሽን ሊጠይቅ ይችላል፣ በቁልፍ ዶንግል የሚሠራ ሶፍትዌርም ያስቸግራል። ለዚህ ነው አሮጌው ማሽን በሕይወት እያለ መሞከር ያለበት። ፒችትሪ ላይ ደግሞ የተዘጉትን ዓመታት ሪፖርት ወደ ኤክሴልና ፒዲኤፍ ማውጣት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ሲዲውና የሴሪያል ቁጥሩም አብረው ይቀመጡ።

የአማርኛ ሰነዶቹን ፒዲኤፍ ብቻ አድርጎ «ጨረስኩ» ማለት አያዋጣም። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ ዓይን ያነበዋል፤ ለማስረጃ ጥሩ ነው። በውስጡ ያለው ግን ያው የላቲን ኮድ ነው፤ የሰው ስም ጽፋችሁ ብትፈልጉ አይገኝም፣ ኮፒ ብታደርጉትም ያው ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፦ ለመልኩ ፒዲኤፍ፣ ለጥቅሙ ወደ ዩኒኮድ የተቀየረ ቅጂ፣ የተቀየረውንም ከዋናው ጋር እያስተያየ የሚያርም ሰው። የፎንት ፋይሎቹም ከዊንዶውሱ የፎንት ፎልደር ተገልብጠው ከሰነዶቹ ጎን ይቀመጡ።

ኢንተርኔት የግድ የሚያስፈልጋቸውና ወደ 11 የማያልፉት ማሽኖች ሁለት መንገድ አላቸው። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ያለው ግለሰብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም የሚቆይ ተጨማሪ የደህንነት ማስተካከያ በ30 ዶላር፣ ወይም የሴቲንግ መረጃውን በማይክሮሶፍት አካውንት ባክአፕ በማድረግ በነጻ ሊያገኝ ይችላል። ለድርጅት የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ በአንድ ማሽን 61 ዶላር ነው፣ በየዓመቱም እጥፍ ይሆናል፤ ለትምህርት ተቋም ግን የመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር ብቻ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ የአይቲ ኃላፊዎች ልብ በሉ። ሌላው መንገድ ሊኑክስ ሚንት ነው። ቴሌግራም፣ ብራውዘር፣ ሊብሬኦፊስ ሁሉም አለ፣ ክራክም አይፈልግም። «ሁሉም ወደ ሊኑክስ ይግባ» ከሚሉት ወዳጆቼ የምለየው የሒሳብ ክፍሉን ማሽን እንዳትነኩ በማለቴ ብቻ ነው።

ፋይል የሚሞትበት ቦታ ግን ቫይረስ ብቻ አይደለም። አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ አሮጌው መጋዘን ይገባል፣ ከዓመታት በኋላ በጨረታ ይሸጣል፣ በመካከል አንድ ባለሙያ «ፎርማት ላድርገው?» ይላል፣ አንዱ ኃላፊ «አድርገው» ይላል። በቃ። ንብረት ሲወገድ የወንበሩ እግር ስንት እንደሆነ ሳይቀር ይመዘገባል፤ በውስጡ የነበረውን ሰነድ ማን እንዳወጣው የሚጠይቅ መስመር ግን ቅጹ ላይ አይታየኝም። ያ መስመር ይጨመር፣ የሚፈርምበትም ሰው ይኑር።

ከመንግሥት ወገን ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ለዚህ ሥራ የሚቀርበው ተቋም ይመስለኛል። የቀድሞዎቹን የአማርኛ ሶፍትዌሮች የጫነ ጥቂት አሮጌ ማሽን ቢያስቀምጥ፣ ሰው ፍላሹን ይዞ መጥቶ ፋይሉን አስከፍቶ በዩኒኮድ ይዞ ቢሄድ ትልቅ አገልግሎት ነው። የሶፍትዌሮቹ ባለቤቶችም ኮዳቸውን አውጡ አልላቸውም። የትኛው የላቲን ኮድ የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ለሕዝብ ቢለቁት ግን መቀየሪያውን የሚጽፍ ወጣት አይጠፋም። ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ ፎንት ጥቂት ገጽ ነው።