ወዴት? በምን ፍጥነት?

ለፊዚካል ኬሚስትሪ የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ውድ ፊዚካል ኬሚስትሪ፣

በኬሚካል ምሕንድስና ተማሪዎች ዘንድ ስምህ የሚነሳው በፍርሃት ነው። ዲፓርትመንት የገባ አዲስ ተማሪ ከሲኒየሮቹ የሚሰማው ምክር «ፊዚካልን ብቻ እለፍ» የሚል ነው። አንተ የኬሚስቶች ንብረት ነህ፤ ለእኛ ግን ወደ ሪአክተር ዲዛይን ለመድረስ የግድ የምትታለፍ ኮርስ፤ እንዲህ ይባላል። እኔ ከመንዝ ደጋ፣ ከቀየት የወጣሁ መሐንዲስ ነኝ። ያደረግህልኝን ዘርዝሬ ላመሰግንህ እወዳለሁ።

የኬሚስቶች ብቻ ነህ መባልህ ራሱ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1824 የእንፋሎት ሞተር ከሙቀት ምን ያህል ሥራ ሊያወጣ እንደሚችል የጠየቀው ሳዲ ካርኖ የፈረንሳይ ጦር መሐንዲስ ነበር። ክላፔሮንም መሐንዲስ ነበር፤ የባቡር ሐዲድ ዘርግቷል። ጊብስ በ1863 ከየል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘው በምሕንድስና ሲሆን ጥናቱ ስለ ማርሽ ጥርሶች ቅርጽ ነበር። በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ቫንት ሆፍም ዴልፍት ፖሊቴክኒክ የተማረ ነው። ይህ በመጀመሪያው ሌክቸር ላይ ቢነገረን ኖሮ ስንቱ ተማሪ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ቤተኛ ሆኖ በተቀመጠ!

በመጀመሪያ የማመሰግንህ አገሬን ስላስረዳኸኝ ነው። እኛ ዘንድ ባቄላ ቶሎ አይበስልም። ኩበት ሲጨመር እሳቱ ይበረታል፣ ውኃው ይንተከተካል፣ ንፍሮው ግን አይፈጥንም። እናቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ምክንያቱን የነገርከኝ ግን አንተ ነህ። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። በክላውዚየስና ክላፔሮን ቀመር ሲሰላ እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ማገዶ ሁሉ በእንፋሎት ይወጣል እንጂ ውኃውን ከ90 አያሳልፈውም። እዚህ ላይ የአሬኒየስ ቀመር ይገባል፦ በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የብዙ ሪአክሽኖች ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። ጅቡቲ ላይ በአንድ ሰዓት የሚበስል ጥራጥሬ መንዝ ላይ ሁለት ሰዓት ቢፈልግ አይገርምም። ስለዚህ ፕሬዠር ኩከር በደጋ ቤት ቅንጦት አይደለም፤ ማገዶም የሴቶቻችንን ጉልበትም ይቆጥባል።

አመዳዩንም አስረድተኸኛል። በጥቅምትና በኅዳር ጥርት ባለ ሌሊት በሣሩ ላይ የሚነጣው ነገር ውኃ ሆኖ ከዚያ የረጋ አይደለም፤ በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ነው የሚያርፈው።

ትልቁ ስጦታህ ግን ሁለት ጥያቄ ነው፦ ነገሩ ወዴት መሄድ ይፈልጋል? በምን ፍጥነትስ ይሄዳል? የመጀመሪያው የቴርሞዳይናሚክስ ነው፣ ሁለተኛው የካይኔቲክስ። የእኔ ሙያ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው።

የመንዝ ገበሬ ክረምት ሲገባ የሚጠብቀውን ዩሪያ እንውሰድ። ዩሪያ ከአሞኒያ ይሠራል፣ አሞኒያ ደግሞ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን። ሁለቱ ጋዞች በተራ ሙቀት አሞኒያ መሆን ይፈልጋሉ፤ የጊብስ ስሌት ይመሰክራል። ነገር ግን በአንድ ዕቃ ተዘግተው የሰው ዕድሜ ቢያስቆጥሩም ምንም አይፈጠርም፤ የናይትሮጅን አተሞች የተያያዙበት ባለሦስት ቦንድ በቀላሉ አይላቀቅም። እንዲፈጥኑ ቢሞቁ ደግሞ ሪአክሽኑ ሙቀት ሰጪ ስለሆነ ኢኩሊብሪየሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ምርቱ ያንሳል። ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 በላቦራቶሪ ያሳየው፣ ቦሽ በ1913 ኦፓው ላይ ፋብሪካ ያደረገው መፍትሔ ሁለቱን ጥያቄዎች ማስታረቅ ነው፦ በፋብሪካው የብረት ካታሊስት፣ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀት፣ 200 አትሞስፌር ገደማ ግፊት። አገራችን ዩሪያን የምትገዛው ከውጭ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። እዚያ ለመሥራት የሚያስቡ ልጆች ከዛሬ ጀምረው አንተን ከልብ ይያዙህ እላለሁ።

ለሚ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሠራል። ከመርሐቤቴ ማዶ፣ እንሳሮ ውስጥ፣ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ እንደ ማንኛውም ሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ ይፈጫል፣ በ900 ዲግሪ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስወጣል፣ ከዚያ በ1,450 ዲግሪ ገደማ ክሊንከር ያደርገዋል። ለሲሚንቶ የመጀመሪያ ጥንካሬውን የሚሰጠው አላይት የተባለው ማዕድን ከ1,250 ዲግሪ በታች መኖር አይፈልግም፤ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ይፈርሳል። ስለዚህ ክሊንከሩ ከምድጃ እንደወጣ አየር እየተነፋበት በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ አላይቱም ለመፍረስ ጊዜ አያገኝም። ቤታችን የሚቆመው «ወዴት» የሚለው ጥያቄ በ«ፍጥነት» ተቀድሞ ነው። ይህን የተረዳሁ ቀን ያደረብኝ ደስታ እስካሁን አልለቀቀኝም።

በጠመኔ ቀመሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየጻፉ፣ አንዲት መስመር ሳይዘሉ ላወረዱልን መምህራንም ምስጋናዬ ይድረስ። ያ ትዕግሥት ከየትኛውም ሀንድአውት ይበልጣል።

አሁን አንድ ነገር ልሠራልህ አስቤያለሁ። በአካባቢያችን ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቴርሞሜትር፣ ባሮሜትርና አንዲት ድስት ይዘው ከጀማ ሸለቆ ተነስተው እስከ መንዝ አናት እየወጡ፣ በየከፍታው ውኃ ያፍሉ። ሸለቆው ውስጥ 95 ዲግሪ ገደማ፣ አናቱ ላይ 90 ገደማ ያገኛሉ። የግፊቱን ሎጋሪዝም ከሙቀቱ ግልባጭ ጋር በግራፍ ቢያስቀምጡት ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ ከመስመሩ ተዳፋትም የውኃን የትነት ሙቀት፣ በሞል 41 ኪሎጁል ገደማ፣ በራሳቸው እጅ ያሰሉታል። ድስቱን እኔ አመጣለሁ።

አክባሪህ፣
የቀየት ልጅ