ፎቁ ይቅርብን፣ በር ይብዛልን!

መሐሉ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈውንም፣ ባለፎቁንም አውቶቡስ አዲስ አበባ ላይ አይተናል። ለመሆኑ ሕዝብ ለሚተራመስበት መስመር የሚበጀው የቱ ነው? «ባጃጅ የሚሳፈር የዳንግላ ሰው ምን አገባው?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል! ቢሾፍቱ አውቶሞቲቭን በጉያው ይዞ የነበረው ሜቴክ በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም የተፈቀደለት 10 ቢሊዮን ብር የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት ማለት ደግሞ የዳንግላ ገበሬም ማለት ነው።

ነገሩ ያለው በሩ ላይ ነው። ባለፎቁ መቀመጫ ያበዛል። ግን መገናኛ ላይ አንዲት እናት ዘንቢል አንጠልጥላ በዚያች ጠባብ ደረጃ እስክትወርድ የታችኛው ሰልፍ ተገትሮ ይጠብቃል። ደረጃውን የፈራውም እታች ተፋፍጎ በሩን ይዘጋል። ተጣጣፊው 18 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከፊትም ከኋላም በር ስላለው ባንዴ ያራግፋል፣ ባንዴ ይጭናል።

እርግጥ ለንደን ተጣጣፊዎቹን እ.ኤ.አ. በ2011 ጠራርጋ አስወጥታለች። መታጠፊያ ዘጉ፣ ሳይከፍል የሚሳፈረው በዛ ተብሎ ነው። የሒሳቡ ነገር በትኬት ቆራጭ ይፈታል። መንገድ መዝጋቱ ግን እውነት ነው፤ መላው ለአውቶቡስ የራሱን መስመር መከለል እንጂ ሰውን ፎቅ ማውጣት አይደለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የቢሾፍቱ አውቶቡሶች መለዋወጫ አጥተው ጋራዥ ሲገተሩ ሕዝቡ ሰልፍ ላይ ነበር። እናም ሹሞቻችን ሪባን ከመቁረጣቸው በፊት ይንገሩን፦ ያ መሐል መገጣጠሚያ ሲበላሽ ዕቃው ከየት ይመጣል? በስንት ቀን?